የሰላምታው ቀማሽ

ጠያቂው ለመጨረሻ ጊዜ የተናገረው ማክሰኞ ዕለት፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነበር።

«እንዴት አደሩ አቶ ይመር? ጉልበትዎ እንዴት ነው? እንቅልፍዎ እንዴት ነበር? ቤቱ፣ ደጁ፣ ሁሉ ደህና ነው?»

አቶ ይመር አሰን የሸሚዛቸውን ቁልፍ እየቆለፉ ወደ ግድግዳው ዞር ሳይሉ «አልሐምዱሊላህ» አሉ። ሁልጊዜም የሚሉት ይህንኑ ነው።

«ከአሁን ጀምሮ ለአርባ ቀን በፈቃድዎ አልጠይቅዎትም። ያረጋግጣሉ?»

«አረጋግጣለሁ።»

«እንግዲያውስ ደህና ይሁኑ፤» አለና ግድግዳው ዝም አለ።

አቶ ይመር ደብተራቸውን አውጥተው ሰዓቱን ጻፉ። ሠላሳ አራት ዓመት የውኃ ቆጣሪ እየዞሩ ሲያነቡ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ጡረታው ደመወዙን እንጂ ልማዱን አልወሰደባቸውም፤ አንድ መስመር ሳይጽፉ የዋሉበት ቀን የለም።

ጊዜው ሁለት ሺህ ሰማንያ አንድ ዓመተ ምሕረት ነው። በዚያ ዘመን ደሴ ውስጥ ስድሳ ዓመት የሞላው ሰው ሁሉ ጠያቂ ነበረው። የከተማው ሰው ጆሮው ውስጥ ካለው ነገር ጋር ሲነጋገር ነው የሚውለው። ደረጃ ላይ የተገናኙ ጎረቤታሞች አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው ይተላለፋሉ፤ እሱንም ያስታወሱ እንደሆነ ነው። ታዲያ አዛውንቶችን ማን ይጠይቅ የሚል ጥያቄ ተነሣና የከተማው ምክር ቤት በጀት መደበለት። ጠዋት አራት ደቂቃ፣ ማታ አራት ደቂቃ፣ በበዓል ቀን ስድስት ደቂቃ። አራት ሺህ ሁለት መቶ ሰዎች በየቀኑ በከተማው ወጪ ሰላም ይባሉ ነበር።

አገልግሎቱን ያመጣው ጎህ ሊበራል ፓርቲ ነው። ሊያጠፋው የተነሣውም ጎህ ሊበራል ፓርቲ ነው። ፓርቲው ሁለት ክንፍ አለው፤ ለጋሶችና መቀነቶች ይባላሉ። ስሙን ያወጡት አንዳቸው ለሌላው፣ ለስድብ ብለው ነበር፤ ነገር ግን ሁለቱም ወገኖች የተሰደቡበትን ስም ወደዱትና ማኅተም አስቀረጹበት። በመናገር ነጻነት፣ በእምነት ነጻነት፣ ሰው እንደ ልቡ ይኑር በሚለው ሁሉ አንድ ናቸው፤ አብረው ያጨበጭባሉ። የሚለያዩት ጭብጨባው አልቆ የአዳራሹ መብራት ይጥፋ ወይስ ይብራ ሲባል ነው። መቀነቶች፣ ነጻ ሰው የልጅ ልጁን ባለዕዳ አድርጎ አይሞትም ይላሉ። ለጋሶች ደግሞ፣ የተራበና የተረሳ ሰው ነጻነቱን ምን ያደርገዋል ይላሉ። በዚህ ጉዳይ ሠላሳ ዓመት ተከራክረው ሁለቱም አልደከማቸውም።

መቀነቶች ስብሰባቸውን የሚያካሂዱት ቆመው ነው፤ ወንበር ኪራይ አለው። ለአንድ ተናጋሪ የሚፈቀደው ሁለት ደቂቃ ነው። በአንድ ደቂቃ የጨረሰ ይጨበጨብለታል፤ ጭብጨባውም አጭር ነው። እንዲህ ሆነው ግን ጠላቶቻቸው እንኳ የሚያከብሩላቸው አንድ ሥርዓት አላቸው። መጠጥ የሚቀዳ ሰው ለእንግዳው ከማቅረቡ በፊት መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ እንደሚቀምሰው፣ እነሱም ከሕዝብ የሚቀንሱትን ነገር አስቀድመው ከመካከላቸው አንዱን ያስቀምሱታል። ሰውየው ቀማሽ ይባላል። ያ ነገር ሳይኖረው አርባ ቀን ይኖራል፤ በማግስቱ በሁለቱ ክንፎች ፊት ቆሞ «ይዋጣል» ወይም «አይዋጥም» ይላል። ይዋጣል ካለ ይቀነሳል። አይዋጥም ካለ ይቀራል። ከዚያ ወዲያ ክርክር የለም።

አቶ ይመር ሁለት ጊዜ ቀምሰዋል። ወደ ጦሳ የሚወጣው የገመድ መኪና ከሰዓት በኋላ እንዲቆም ሲታሰብ፣ ተራራውን አርባ ቀን በእግራቸው ወጥተዋል፤ ጉልበታቸው እስከ ዛሬ ምስክር ነው። የሕዝብ መታጠቢያው ሙቅ ውኃ ሊቀር ሲባል፣ በታኅሣሥ ብርድ በቀዝቃዛ ታጥበዋል። ሁለቱንም ጊዜ «ይዋጣል» ብለዋል። ክንፉ ውስጥ ስማቸው ሲጠራ ሰው ቀና ይላል።

የሰላምታውን ነገር ያነሡትም እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ባለቤታቸው ዘምዘም ካረፉ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ልጅ አልነበራቸውም። ግድግዳው በየማለዳው «ቤቱ፣ ደጁ፣ ሁሉ ደህና ነው?» ሲል፣ ባዶ ቤት እያዩ መልስ መስጠት ያንገሸግሻቸው ነበር። በስብሰባው ላይ ግን እንዲህ አላሉም። «ሰላምታ በበጀት? ሰላም ሳይባል ቀርቶ የሞተ ሰው ማን አይቷል?» ብለው በሠላሳ ሰከንድ ጨረሱ። ተጨበጨበላቸው።

«ጋሼ ይመር፣ ቀማሹ እርስዎ ከሆኑ አለቀ፤» አለች የክንፉ ሰብሳቢ ሐያት ሰይድ። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ ፈገግታዋንም ቆጥባ ነው የምታወጣው።

ረቡዕ ጠዋት፣ ልክ በአሥራ ሁለት ተኩል፣ በሩ ተንኳኳ።

አቶ ይመር ደነገጡ። በዚያ ሕንፃ ውስጥ በር የሚያንኳኳ ሰው የለም፤ በሩ ራሱ ነው እንግዳ መጣ የሚለው። ሲከፍቱ የፊት ለፊት ጎረቤታቸው ወይዘሮ ትርንጎ ደምሴ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመዋል። ሰባ ዓመታቸው ነው፤ ከአቶ ይመር በሦስት ዓመት ይበልጣሉ። አርባ ዓመት አዋላጅ ነበሩ፤ በፓርቲው ውስጥ ደግሞ የለጋሶቹ ትልቅ አፍ ናቸው። ከአቶ ይመር ጋር በአዳራሽ ሲጨቃጨቁ ኖረዋል። በኮሪደሩ ላይ ግን፣ እንደ ከተማው ሰው ሁሉ፣ ተነጋግረው አያውቁም።

«አልሞትክም?» አሉ ወይዘሮ ትርንጎ።

«አልሐምዱሊላህ።»

«መቀነትህ አላነቀህም?»

«ገና ነው።»

«እስቲ ወዲህ ዙር። አመድ መስለሃል! ሌሊቱን አልተኛህም እንዴ? ትናንት ደግሞ ምስርህን አሳርረሃል፤ እኔ ቤት ድረስ ሸትቷል። የከተማውን በጀት ሊጠብቅ የተነሣ ሰው አንድ ድስት ምስር መጠበቅ አቃተው!»

«እናንተ ለጋሶች የሰው ድስትም ታማስላላችሁ? ምን ፈልገው ነው የመጡት አንቱ?»

«ስትወድቅ ቀድሜ ማየት ነዋ! አርባ ቀን ትሞላለህ? አትሞላም። በየማለዳው እየመጣሁ አይሃለሁ፤» ብለው ዞሩና በራቸውን ጓ አድርገው ዘጉ።

አቶ ይመር ደብተራቸውን ገልጠው ጻፉ፦ «ቀን አንድ። ጠያቂ የለም። አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ወይዘሮ ትርንጎ መጥተው ሰደቡኝ። ሌላ ችግር የለም።»

ወይዘሮ ትርንጎ እንዳሉት አደረጉ። በሁለተኛው ቀን መጡ፣ በሦስተኛውም መጡ። በዘጠነኛው ቀን ጉልበታቸውን እንዲዘረጉ አዘዟቸውና በሁለት ጣት ተጭነው አይተው፣ «አርባ ዓመት ስንት ዓይነት ጉልበት አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ዝገት ግን አላየሁም። ማታ ማታ በሙቅ ጨርቅ ያዘው፤ ሙቅ ውኃውን ለራስህ እንኳ አስቀርተህ እንደሆነ» አሏቸው። በአሥራ አራተኛው ቀን ስለ ዘምዘም አነሡ። «ዘምዘም፣ ያቺ ደግ ሰው፣ አንተን እንዴት ቻለችህ?» አሉ። አቶ ይመር ያን ቀን በሩን ከዘጉ በኋላ ለብቻቸው ሳቁ፤ ከዚያ ትንሽ አለቀሱ። በደብተሩ ላይ «ተሰደብኩ። ሌላ ችግር የለም» ብለው ጻፉ።

በሃያኛው ቀን ገደማ ጢማቸውን ከአሥራ ሁለት ሰዓት በፊት መላጨት ጀምረው ነበር። ለምን ብሎ የጠየቃቸው ስለሌለ እሳቸውም ራሳቸውን አልጠየቁም።

ሐያት በየሳምንቱ ትደውላለች። ሥርዓቱ ስለማይፈቅድላት ሰላም ሳትል ነው የምትጀምረው።

«ቀን?»

«ሃያ ስምንት።»

«ችግር?»

«የለም።»

«ስድቡስ?»

«ቀጥሏል።»

«እሱ አይቆጠርም፤» ብላ ትዘጋለች።

በሠላሳ ሦስተኛው ቀን በሩ ሳይንኳኳ ቀረ። አቶ ይመር ተላጭተው፣ ሸሚዝ ቀይረው፣ በሩ አጠገብ ቆመው ጠበቁ። አንድ ሰዓት ሆነ። የኮሪደሩ መጥረጊያ በራሱ እየተንከባለለ መጥቶ እግራቸውን ነካና ዞሮ ሄደ። ወይዘሮ ትርንጎ የት እንደሄዱ የሚያውቅ የለም፤ የሚጠየቅም ሰው የለም። «ለመሆኑ ምን አገባኝ» አሉና «ቀን ሠላሳ ሦስት። ማንም አልመጣም» ብለው ጻፉ። ለመጀመሪያ ጊዜ «ሌላ ችግር የለም» የሚለውን ሳይጽፉት ቀሩ።

በማግስቱም የመጣ የለም። ጨው እያላቸው ጨው ለመግዛት ወጡ፤ ሱቁ ሻጭ የለውም፣ ጨውን አንሥቶ መውጣት ነው። በገመድ መኪናው ሲመለሱ ውስጡ ስምንት ሰዎች ነበሩ። አቶ ይመር ጉሮሯቸውን ጠርገው «እንዴት አደራችሁ?» አሉ። ማንም ቀና አላለም። አንዲት ሴት ብቻ፣ ከጆሯቸው ጋር የሚነጋገሩ መስሏት፣ ቦታ ልትለቅላቸው ወደ መስኮቱ ጠጋ አለች።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናብ ያዛቸውና ሮጥ ሮጥ እያሉ ከሕንፃው በር ደረሱ። የሕንፃው በር የሚከፈተው በድምፅ ነው።

«ስምዎን ይናገሩ፤» አለ በሩ።

«ይመር አሰን፤» አሉ። የወጣው ድምፅ ሰልሎ፣ ለራሳቸውም እንግዳ ነበር።

«ድምፅዎን አላወቅኩትም። እባክዎ እንደገና ይሞክሩ።»

ሦስት ጊዜ ሞከሩ። በሩ አሥር ደቂቃ እንዲጠብቁ ነግሯቸው ዝም አለ። አቶ ይመር ጥግ ይዘው ቆሙ፤ ውኃው ከኮታቸው ጫፍ ይንጠባጠባል። ያን ጊዜ ፈሩ። ከተጠሩ ሦስት ቀናቸው ነው። እዚያው በር ላይ ቢቀሩ፣ መቅረታቸውን ቀድሞ የሚያውቀው የኮሪደሩ መጥረጊያ ነው።

ድምፃቸውን ለማሟሸት ከራሳቸው ጋር ማውራት ጀመሩ። «እንዴት ዋልክ ይመር? ጉልበትህ እንዴት ነው? ሌሊቱን ተኝተሃል? ምስርህን አሳረርክ? አልሞትክም? መቀነትህ አላነቀህም?» እዚህ ላይ ሲደርሱ ሳቃቸው መጣ፤ ድምፃቸውም ከሳቁ ጋር ተከፈተ። በሩ «እንኳን ደህና መጡ አቶ ይመር» አለና ለቀቃቸው።

እግራቸውን ግን አላነሡም። ራሳቸውን ሲጠይቁ የወጣው የማን ቃል እንደሆነ ያን ጊዜ ታወቃቸው።

ቤታቸው ገብተው፣ እርጥብ ኮታቸውን እንኳ ሳያወልቁ፣ ደብተሩን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረው አነበቡ። ሠላሳ ሁለት ጊዜ «ተሰደብኩ» ይላል። ሠላሳ ሁለት ጊዜ «ሌላ ችግር የለም» ይላል። በሥራ ዘመናቸው ውኃው እየፈሰሰ ቁጥሩ የማይንቀሳቀስ ቆጣሪ ሲያገኙ «የተበላሸ» ብለው ነበር የሚጽፉት። እንዲህ ያለው ቆጣሪ እሳቸው ራሳቸው መሆናቸውን ሲያዩ አፈሩ። ጠያቂ ሳይኖራቸው የኖሩት ሦስት ቀን ብቻ ነው። በሦስተኛውም የገዛ በራቸው ሳያውቃቸው ቀረ።

በማግስቱ፣ በአሥራ ሁለት ተኩል፣ ተንኳኳ።

«አልሞትክም?»

«የት ጠፍተው ነው?» አሉ አቶ ይመር።

«ኮምቦልቻ። የእህቴ ልጅ ወለደች። ደግሞ አንተ ምን አገባህ?»

«አልሐምዱሊላህ፤» አሉ አቶ ይመር። ወይዘሮ ትርንጎ ትክ ብለው አዩዋቸውና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የሚሰድቡት ነገር አጡ።

የቀሩት አራት ቀናት ለአቶ ይመር ከተራራው መንገድ ይብስ ከበዷቸው። ይዋጣል ቢሉ፣ ፊት ለፊታቸው ትርንጎ የሌለቻቸው አራት ሺህ ሰዎች በዝምታ ውስጥ ሊቀሩ ነው። አይዋጥም እንዳይሉ ደግሞ ሥርዓቱ አርባ ንጹሕ ቀን ይላል፤ ሦስት ቀን ቀምሶ ፍርድ የለም። ዝም ብለው እንዳያልፉት ክንፉ ይጠብቃቸዋል። በእሳቸው ስም የማለ ሰው ብዙ ነው።

አዳራሹ ሞልቷል። ለጋሶች በተከራዩት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ መቀነቶች በግድግዳው ዙሪያ ቆመዋል። ሐያት በሥርዓቱ መሠረት ጠየቀች።

«ቀማሽ፣ ቀምሰዋል?»

«አልቀመስኩም፤» አሉ አቶ ይመር።

አዳራሹ ተንጫጫ። ሐያት እጇን አንሥታ ጸጥ አሰኘችው።

«አርባ ቀን ጠያቂ አልነበረዎትም እኮ፤ ጋሼ ይመር።»

«ነበረኝ። በየማለዳው አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ይመጣ ነበር። ወይዘሮ ትርንጎ ናቸው።»

ወይዘሮ ትርንጎ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «ውሸት ነው! እኔ አንድ ቀን ሰላም ብዬው አላውቅም! ስሰድበው ነው የከረምኩት፤ ፓርቲው ይመስክርልኝ!»

«ጉልበቴን ጠይቀውኛል፤» አሉ አቶ ይመር ደብተሩን እየገለጡ። «እንቅልፌን ጠይቀውኛል። ሟች ባለቤቴን በስሟ አንሥተውልኛል። የከተማው ጠያቂ የሚጠይቀው ከዚህ ያነሰ ነው፤ ስለ ምስር እንኳ አይጠይቅም። እሳቸው በቀሩበት ሦስት ቀን የሕንፃዬ በር ድምፄን አላውቀውም አለኝ። ስድብ ነው ብዬ የመዘገብኩት ሰላምታ ነበር። ስህተቱ የእኔ ነው።»

ከመቀነቶቹ አንዱ ሳቀ፤ ሳቁ ከግድግዳ ወደ ወንበሮቹ ተዛመተ። ወይዘሮ ትርንጎ ግን አልሳቁም። «ቆይ፣ ቆይ፤» አሉ በቀስታ። «እኔ እየሄድኩ ስለጠየቅኩት፣ ‹ይዋጣል› ሊል ነበር? አገልግሎቱን የማስዘጋው እኔ ነበርኩ?» ነጠላቸውን ሰብስበው ተቀመጡ።

ሐያት ደንቡን አነበበች። ቅምሻው ካልጠራ እንደገና ከቀን አንድ ይጀመራል። እስኪጠናቀቅ ድረስ የሌሎቹ ሰዎች ጠያቂ ባለበት ይቀጥላል። «በዚህ ጊዜም፤» አለች ወደ ወይዘሮ ትርንጎ ዞራ፣ «ማንም ሰው ቀማሹን ሰላም አይልም። መስደብም፣ ማንኳኳትም፣ ጉልበት ማየትም ክልክል ነው። ይስማማሉ?»

«እሺ፤» አሉ ወይዘሮ ትርንጎ። ሠላሳ ዓመት ያለ ክርክር እሺ ብለው የማያውቁ ሴት ናቸው፤ የሚያውቋቸው ሁሉ እርስ በርስ ተያዩ።

ሰው ሲበተን ሐያት አቶ ይመርን በሩ ላይ አገኘቻቸው። «ክንፉን አሳፈሩት፤ ጋሼ።»

«ያልቀመስኩትን ይዋጣል ብል ነበር የማሳፍረው።»

ሐያት ወረቀቶቿን አስተካከለች። «እናቴ የምትኖረው እዚሁ ከከተማው ዳር፣ ወደ ኩታበር መውጫ ነው፤» አለች። «እሷም ጠያቂ አላት። ማታ ማታ ስደውልላት፣ ቆይ ጠያቂዬ ይጨርስ ትለኛለች።» ሌላ የምትለው ያለ መስላ ነበር፤ ደቂቃዋን ቆጥባ ሄደች።

በማግስቱ ጠዋት አቶ ይመር ተላጭተው በሩ አጠገብ ቆሙ። አሥራ ሁለት ተኩል ሆነ። የወይዘሮ ትርንጎ በር ሲከፈት ሰሙ። ኮቴያቸው ኮሪደሩን አቋርጦ መጣና በራቸው ፊት ቆመ። ማንኳኳት የለም። ስድብ የለም። ከዚያ ከበሩ ማዶ፣ ምንም ጉንፋን የሌለበት፣ ሞቅ ያለ፣ ረጅም ሳል ተሰማ። ኮቴው ተመለሰ።

አቶ ይመር ደብተሩን ይዘው ብዙ አሰቡ። ሳል በተከለከሉት ውስጥ አልተጠቀሰም። ነገር ግን እሳቸው ያዩትንና የሰሙትን የሚጽፉ ሰው ናቸው፤ ደግሞም ሳሉ አልሞትክም ወይ እንደሚል ለልባቸው አልጠፋውም። «ቀን አንድ። አንድ ሳል። ቅምሻው አልጠራም፤ ከነገ እንደገና ይጀመራል» ብለው ጻፉ። በማግስቱም ያው ሆነ። በሦስተኛው ቀንም ያው።

ሐያት ከሁለት ወር በኋላ ደወለች።

«ቀን?»

«አንድ።»

«አሁንም?»

«ሳል አለ።»

ወዲያ ማዶ የወረቀት መገላበጥ ተሰማ። ሳልን ከክልከላው ውስጥ ለመጨመር አንድ መስመር ይበቃ ነበር።

«ቀማሽ ደመወዝ የለውም፤» አለች ሐያት በመጨረሻ። «ስለዚህ ቅምሻው ወጪ የለበትም። ወጪ የሌለበትን ነገር የምናቆምበት ምክንያት አይታየኝም። ይቀጥሉ።»

በማግስቱ በአሥራ ሁለት ተኩል ኮቴው መጣ፤ ቆመ፤ ሳለ። አቶ ይመር በበሩ ላይ እጃቸውን አሳርፈው ትንሽ ቆዩ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ኮሪደሩ እስኪያስተጋባ፣ እሳቸውም ሳሉ። ከማዶው ኮቴው ወዲያው አልተመለሰም።

ደብተሩን ገለጡና ጻፉ፦ «ቀን አንድ። ሁለት ሳል።»